ብቻ ለመሄድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እየተባልን ላደግን ሰዎች፣ ብቻውን ታንኳ እየቀዘፈ ጫካ የሚገባ፣ ብቻውን አብስሎ የሚበላ፣ ብቻውን ድንኳን ውስጥ አድሮ የሚመለስ ሰው ጤነኛ አይመስለንም። «ምን ሆኖ ነው? ከሰው ተጣልቶ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ቡና እንኳ ከጎረቤት ጋር በሚጠጣበት ባህል፣ ብቸኝነት የሚታዘንለት እንጂ የሚመኙት ነገር አይደለም።

ሆኖም ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሱባኤ የሚገባ ሰው ከቤተሰቡ የሚለየው ቤተሰቡን ጠልቶ አይደለም፤ ከጫጫታው ርቆ፣ ራሱን አዳምጦ ሊመለስ ነው። በካናዳ በሐምሌና በነሐሴ ታንኳቸውን መኪና ላይ ጭነው ብቻቸውን ወደ ሐይቅና ደን የሚገቡ ሰዎች ፍለጋም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ቶሮንቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። እዚያ የሚኖሩ ከሆነ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ከሆነ፣ ይህ ዓይነቱ ጉዞ እንደሚያስቡት ሩቅ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ግን ለሚሄደው ሰው ብቻ አልጻፍነውም። ቤት ለሚቀረውም ነው። ምክንያቱም ብቻውን የሚሄድ ሰው በሰላም መመለሱ በእጁ ጉልበት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ቤት ከቀረው ሰው ጋር አስቀድሞ በተስማማው ነገርም ይወሰናል።

መንገድ የማይገባበት ፓርክ

አልጎንኩዊን በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ፓርክ ነው። ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1893 ሲሆን፣ በኦንታሪዮ ከሚገኙት የክፍለ ሀገር ፓርኮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ስፋቱ ከ7,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከ2,400 በላይ ሐይቆችም አሉት። በደቡብ በኩል አንድ አውራ ጎዳና ያቋርጠዋል። ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛው ክፍል ግን በታንኳ ወይም በእግር ካልሆነ አይገባበትም።

ጉዞው እንዲህ ነው። አንዱን ሐይቅ ቀዝፈው ይጨርሳሉ። ዳር ላይ ቢጫ ምልክት ያገኛሉ፤ ቀጣዩ ሐይቅ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይነግርዎታል። ታንኳውን ገልብጠው ትከሻዎ ላይ ያደርጉና በደኑ ውስጥ በእግር ይሻገራሉ። ይህ ሸክም ፖርቴጅ ይባላል። አንዳንዱ 200 ሜትር ነው፤ አንዳንዱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ፈቃድ ሳያወጡ መግባት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሌሊት የሚያድሩበትን ሐይቅ አስቀድመው ያስይዛሉ፤ በአንድ ሐይቅ የሚያድረው ሰው ቁጥርም የተወሰነ ነው። ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ብርቱካናማ ምልክት ካለባቸው ቦታዎች ባዶ ያገኙትን ይይዛሉ። እዚያ የእሳት መንደጃ ድንጋይና ራቅ ብሎ ከእንጨት የተሠራ ግድግዳ አልባ መጸዳጃ ያገኛሉ። ሌላ ምንም የለም። ኤሌክትሪክ የለም፤ በአብዛኛው ቦታም የስልክ ኔትወርክ የለም።

ብቻ ሲሆኑ ምን ይለወጣል?

የመጀመሪያው ለውጥ ታንኳው ላይ ይታያል። የተለመደው ታንኳ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። ብቻዎን ከኋላኛው መቀመጫ ላይ ከተቀመጡ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳና ትንሽ ነፋስ ሲመጣ እንደ ፈለገ ያዞረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በፊተኛው መቀመጫ ላይ ፊትዎን ወደ ኋላው አዙረው ይቀመጡና ኋላውን ፊት ያድርጉት። በዚህ መንገድ ወደ መሐል ይጠጋሉ። ከባዱን ቦርሳ ደግሞ ከፊትዎ ርቆ ያስቀምጡት። በአንድ በኩል ብቻ ሲቀዝፉ ታንኳው ወደ ሌላው በኩል ይዞራልና፣ የቀዘፋውን መጨረሻ ወደ ውጭ ገፋ ማድረግ ይለማመዱ። እንቅስቃሴው የእንግሊዝኛውን «ጄ» ፊደል ስለሚመስል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ሸክሙ ነው። ቀላል የሚባለው ታንኳ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቦርሳው ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንዴ መሸከም ስለማይችል መጀመሪያ አንዱን አድርሶ፣ ተመልሶ ሌላውን ይወስዳል። ስለዚህ ካርታው ላይ 1 ኪሎ ሜትር የሚለው መንገድ ለእርስዎ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ዕቅድዎን ሲያወጡ ይህን ካላሰቡ ማደሪያዎ ሳይደርሱ ይመሽብዎታል።

ሦስተኛው ለውጥ ግን ከሁሉ ይከብዳል። «ተው፣ ዛሬ ይቅርብን» የሚልዎት ሰው አጠገብዎ የለም። ኦፒዮንጎ የፓርኩ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ነፋስ ሲነሳበት ማዕበሉ ትንሽ ታንኳ ይገለብጣል። ስለዚህ ከአደገኛው ሰዓት በፊት ማለዳ ይነሳሉ፤ በሐይቁ መሐል ሳይሆን ዳር ዳሩን ይቀዝፋሉ። ነፋሱ ካልበረደ ደግሞ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ለአንድ ተጨማሪ ቀን የሚሆን ስንቅ መያዝ ያለብዎትም ለዚህ ነው፤ ምግብ ያለቀበት ሰው መጠበቅ አይሆንለትም።

አንድ፣ አሥር፣ አንድ

ብዙ ሰው ጫካ ሲባል የሚፈራው ድብን ነው። ይበልጥ ሊፈሩት የሚገባው ግን ቀዝቃዛውን ውሃ ነው። በአልጎንኩዊን የሐይቆቹ በረዶ የሚቀልጠው በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ደምቆ አየሩ ቢሞቅም ውሃው ለሳምንታት እንደቀዘቀዘ ይቆያል።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጎርደን ጊዝብረክት ይህን አደጋ በሦስት ቁጥሮች ያስተምራሉ፦ 1፣ 10፣ 1። በረዷማ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ ሥራው ሳይደናገጡ መተንፈስ ብቻ ነው። ቀጥሎ እጅና እግሩ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለው።

ይህን ስሌት ልብ ብለው ያንብቡት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጣቶችዎ የጃኬት ማሰሪያ መቆለፍ አይችሉም። ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬቱ ታንኳው ውስጥ መቀመጡ አይበቃም፤ ከሰውነትዎ ላይ ተቆልፎ መዋል አለበት። ብቻውን ለሚሄድ ሰው በዚህ ላይ ድርድር የለም። ፉጨት ማሰሚያ ፊሽካ፣ ክብሪትና ትንሽ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃም ከታንኳው ጋር እንዳይሄዱ ኪስዎ ውስጥ ይሁኑ።

ልምድ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የፓርኩ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። ቶም ቶምሰን ከካናዳ ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ነው፤ የአልጎንኩዊንን ሐይቆችና ጥዶች በመሣል ይታወቃል። ውሃውን ያውቃል፣ ለዓሣ አጥማጆችም መንገድ መሪ ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1917 ካኑ ሌክ በተባለው ሐይቅ ላይ ብቻውን ወጣ። ታንኳው ባዶውን ተገኘ። አስከሬኑ የተገኘው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ዕድሜው 39 ነበር። ሰጥሞ ሞተ ተባለ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን በትክክል ምን እንደደረሰበት ከመቶ ዓመት በኋላም ያከራክራል። ያየ ሰው አልነበረምና።

ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። ከመሄድዎ በፊት አንድ ወረቀት ይጻፉና ለባለቤትዎ፣ ለእህትዎ ወይም ለሚያምኑት ጓደኛ ይስጡ። ወረቀቱ ላይ የሚከተለው ይኑር፦

– መኪናውን የት እንደሚያቆሙና የሰሌዳ ቁጥሩ፤
– በየትኛው ቀን በየትኛው ሐይቅ እንደሚያድሩ፣ የትኞቹን መንገዶች እንደሚሻገሩ፤
– የታንኳው፣ የድንኳኑና የጃኬቱ ቀለም፤
– የሚወስዱት መድኃኒትና ያለብዎት ሕመም ካለ፤
– የፓርኩና የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ፖሊስ ስልክ፤
– ሁለት ሰዓቶች፦ ይወጣሉ ተብሎ የሚጠበቅበት ሰዓትና ፖሊስ የሚጠራበት ሰዓት።

ሁለቱን ሰዓቶች አንድ አያድርጓቸው። ነፋስ ግማሽ ቀን ሊያስቆምዎት ይችላል። እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት እወጣለሁ ካሉ፣ ፖሊስ የሚጠራው ሰኞ ጠዋት ይሁን። በመካከል ያለው ጊዜ ቤት ያለው ሰው «ምናልባት ነፋስ ነው» ብሎ የሚያስብበት ነው። ሰኞ ጠዋት ሲደርስ ደግሞ ማመንታት የለበትም። «ቢናደድብኝስ? ላሳፍረው ይሆን?» ብሎ እንዳይጨነቅ ውሳኔው አስቀድሞ በጋራ ተወስኗል።

በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ መያዝም ይቻላል። ማታ ማታ «ደህና ነኝ» የሚል መልእክትና ያሉበትን ቦታ ይልካል፤ አደጋ ሲደርስ የሚጫኑት ቁልፍም አለው። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ጭንቀትም ሊያመጣ ይችላል። ባትሪ ያልቃል፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ምልክቱን ይከለክላል። አንድ ማታ መልእክት ሲቀር ቤት ያለው ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ስለዚህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። «አንድ ማታ ዝም ካልኩ ምንም አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት ካለፈ ግን ደውሉ» ማለት ይበቃል።

ይህ ስምምነት እርስዎንም ያስራል። ያማረ ሐይቅ አየሁ ብለው መንገድዎን መቀየር አይችሉም። የሚፈልግዎት ሰው የሚፈልገው ወረቀቱ ባለበት ነው።

የቤቱ ሒሳብ

ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። አንዱ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ሲያርፍ ሌላው ሦስት ቀን ልጆች ያለብሳል፣ ያበላል፣ ያስተኛል። የአንዱ ዕረፍት የሌላው ሥራ ነው። ይህ በግልጽ ካልተነገረ የጉዞው ደስታ በቅሬታ ይበላል።

ስለዚህ ቀኑን ሲወስኑ የሁለታችሁንም ይወስኑ። እርስዎ ሦስት ቀን ከወሰዱ፣ ባለቤትዎም በፈለገው ወይም በፈለገችው መንገድ የሚያሳልፉት ሦስት ቀን ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፍ። «አንድ ቀን እክስሻለሁ» አይሠራም። ፍርሃቱንም ያዳምጡ። ቤት የሚቀረው ሰው «አልወድም» ሲል ብዙ ጊዜ «እፈራለሁ» ማለቱ ነው። ወረቀቱን አብሮ መጻፍ ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም ቅርጽ ይሰጠዋል።

ልጆችም ይሳተፉ። በካርታው ላይ አባት ወይም እናት የሚያድሩበትን ሐይቅ በየቀኑ ያክብቡ። የት እንዳሉ የሚያውቅ ልጅ «መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ አያለቅስም፤ ይቆጥራል።

ስንቅና ጎረቤቶች

በፓርኩ ውስጠኛ ክፍል ቆርቆሮና ጠርሙስ መያዝ ክልክል ነው። ለእኛ ይህ ችግር አይደለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና የሽሮ ዱቄት ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ውሃና ትንሽ እሳት ይበቃቸዋል። አያቶቻችን ረጅም መንገድ የሄዱት በዚህ ስንቅ ነው።

ጎረቤቶችዎ ጥቁር ድብ፣ ሙስ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ፣ ተኩላና በሌሊት እንደ ሰው የሚጮኸው ሉን የተባለ የውሃ ወፍ ናቸው። ምግብ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ሽታ ያለው ሁሉ በከረጢት ሆኖ ከመሬት 4 ሜትር ያህል፣ ከግንዱም 2 ሜትር ያህል ርቆ በገመድ ይሰቀል። ድንኳን ውስጥ አንድም ነገር አይደር።

ወቅቱን ይምረጡ። በግንቦትና በሰኔ ተናካሽ ዝንብና ትንኝ ይበዛል። ነሐሴ የተሻለ ነው። በመስከረም መጨረሻ የሜፕል ቅጠሎች ይቀላሉ፤ ሌሊቱና ውሃው ግን ይቀዘቅዛሉ። በመጀመሪያ ከቤተሰብ ጋር ሁለት ሌሊት ይሂዱ። ከዚያ ብቻዎን አንድ አጭር መሻገሪያ ብቻ ያለበትን ሐይቅ ይምረጡና አንድ ሌሊት ይደሩ። የመጀመሪያው ምሽት ረጅም ነው፤ እያንዳንዱ ኮሽታ ድብ ይመስላል። ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሲነሳ ቡናዎን ያፈላሉ፤ የሚቀዱለት ሰው ባይኖርም። የቤትዎ ሰዎች ያኔ ይበልጥ ይታወሱዎታል።

ጉዞው የሚያልቀው ታንኳው ዳር ሲነካ አይደለም። ስልክዎ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ ምግብ ከመፈለግዎ በፊት፣ ይደውሉ። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ የሚያነሳው ቤት የቀረው ሰው ነው።