ከጥበቡ በፊት ጭሱ ነበር

ከኦካያማ የሚነሳው ባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኡኖ ይደርሳል። ኡኖ በምዕራብ ጃፓን የምትገኘው የታማኖ ከተማ ወደብ ናት። ከጣቢያዋ እስከ መርከብ መሳፈሪያው ያለው መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰውም መኪናም የሚጭነው መርከብ ደግሞ በ20 ደቂቃ ገደማ ናኦሺማ ደሴት ያደርሳል። ጠዋት ከሚሰለፈው ተሳፋሪ ብዙው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሙዚየም ፍለጋ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ስለ ደሴቶቹ የሚነገረውም ባብዛኛው አንድ ታሪክ ነው፦ ወጣቱ ጥሏቸው የሄደ፣ ሊጠፉ የተቃረቡ ደሴቶችን ሥነ ጥበብ አዳናቸው የሚል። ይህ ታሪክ ባይዋሽም ጎዶሎ ነው። እነዚህ ደሴቶች ሙዚየም ሳያዩ በፊት የመዳብ ጭስ የወረደባቸው፣ የፋብሪካ ዝቃጭ የተደፋባቸው ምድር ነበሩ። ከዚያ ጉዳት የመውጫውን በር የከፈተው ደግሞ የነዋሪዎቹ ሙግት ነው።

ድልድይ ሥራዋን የነጠቃት ወደብ

ኡኖ ትልቅ መተላለፊያ የሆነችው በ1910 የባቡር ሐዲድ ሲደርሳት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከባሕሩ ማዶ በሺኮኩ ደሴት የታካማትሱ ከተማ አለች፤ የመንግሥት ባቡር መሥሪያ ቤት ሁለቱን በመርከብ አገናኘ። ውሎ አድሮ የባቡር ፉርጎዎች ሳይቀሩ መርከብ ላይ እየተጫኑ ይሻገሩ ነበር። በሜይ 1955 ጉም በወረደበት ጠዋት ሺኡን ማሩ የተባለው መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ። 168 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ለትምህርት ጉዞ የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። "ድልድይ ይሠራልን" የሚለው የሕዝብ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በረታ።

ታላቁ የሴቶ ድልድይ በኤፕሪል 1988 ተከፈተ፤ የባቡሩ መርከብም ሥራውን አቆመ። በግል ድርጅቶች እጅ ሲንገታገት የቆየው የታካማትሱ መስመር በዲሴምበር 2019 ተቋረጠ። ለኡኖ የቀረላት የደሴቶቹ በር መሆን ነው። ዛሬ ወደቡ አጠገብ ከባሕር ከተለቀመና ሰው ከጣለው ቁሳቁስ የተሠራ ግዙፍ የዓሣ ቅርጽ ቆሟል። እንግዳው ፎቶ ይነሳበትና መርከቡን ይሳፈራል፤ ጊዜ ያለው ደግሞ በዚያው በታማኖ ሺቡካዋ በተባለው የባሕር ዳርቻ ይዋኛል። ይህ የሴቶ ባሕር በ1934 ከጃፓን የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ሆኖ የተሰየመ ነው። ይህ ክብር ግን ቀጥሎ ከምናየው አላዳነውም።

ሰሜኑ ለፋብሪካ፣ ደቡቡ ለእንግዳ

ሚትሱቢሺ በናኦሺማ ሰሜናዊ ጫፍ የመዳብ ማቅለጫ ያቋቋመው በ1917 ነው። ማቅለጫው ሥራና ግብር አመጣ፤ ጭሱ ደግሞ በደሴቲቱና በአካባቢዋ ያለውን ዛፍ አደረቀ። ኮረብታዎቹ ለረጅም ዓመታት ራቁታቸውን ቀሩ። በ1959 ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ቺካትሱጉ ሚያኬ ለ36 ዓመት በሥልጣን ሲቆዩ ደሴቲቱን በሐሳብ ከሦስት ከፈሏት፦ ሰሜኑ ለኢንዱስትሪ፣ መሐሉ ለመኖሪያና ለትምህርት፣ ያልተነካው ደቡብ ለባህልና ለቱሪዝም። ፋብሪካውን የማባረር ሐሳብ አልነበራቸውም። ደመወዙ የሚመጣው ከዚያ ነበርና።

ለደቡቡ የተገኘው ባለሀብት የኦካያማው አሳታሚ ቴትሱሂኮ ፉኩታኬ ነበር። በ1985 ከከንቲባው ጋር ተገናኝተው ለልጆች የሚሆን ሰፈር በደሴቲቱ ላይ ለማቋቋም ተስማሙ። አሳታሚው በዓመቱ ሲሞት ልጁ ሶይቺሮ ፉኩታኬ ውጥኑን ተረከበ፤ የቤተሰቡ ድርጅት ኋላ ቤኔሴ ተብሏል። በአርክቴክት ታዳዎ አንዶ ክትትል የተሠራው የካምፕ ሰፈር በ1989፣ ሙዚየምና ሆቴል በአንድ የያዘው ቤኔሴ ሃውስ በ1992 ተከፈቱ። በ1994 የያዮይ ኩሳማ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቢጫ ዱባ በአሮጌው የመርከብ መቆሚያ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዱባውን በኦገስት 2021 አውሎ ነፋስ ባሕር ውስጥ ጥሎ ሰባበረው፤ በምትኩ የተሠራው በኦክቶበር 2022 ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመንደሩ ሰው ከዳር ተመልካች ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩ የተለወጠው በ1998፣ ሆንሙራ በተባለችው መንደር የተዘጉ አሮጌ ቤቶች ለሥነ ጥበብ መዋል ሲጀምሩ ነው። የመጀመሪያው ቤት ካዶያ ይባላል። በውስጡ ታትሱዎ ሚያጂማ ውሃ ሞልቶ 125 የሚያበሩ የቁጥር ሰሌዳዎች አስቀመጠ፤ ቁጥሮቹ የሚሮጡበትን ፍጥነት የወሰኑት ራሳቸው የደሴቲቱ ነዋሪዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው እንግዳ ስለ ሥራው የሚያስረዳ ሽማግሌ መንደሩ ውስጥ አልጠፋም።

የቴሺማ ሙግት

ከናኦሺማ በስተምሥራቅ ያለችው ቴሺማ ጉዳይዋ የከፋ ነበር። በ1975 አንድ ድርጅት በደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ የኢንዱስትሪ ቆሻሻ ማስወገጃ ለመክፈት ጠየቀ። ነዋሪዎቹ ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤትም ሄዱ። የካጋዋ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ግን በ1978 "ቆሻሻውን ትል ለማርባት ነው የምጠቀምበት" ላለው ድርጅት ፈቃድ ሰጠ። ትሉ ሽፋን ነበር። የተፈጨ የመኪና ቅሪት፣ ያገለገለ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ በመርከብ እየመጣ ሜዳ ላይ ይቃጠልና ይቀበር ጀመር። ነዋሪዎች በጮኹ ቁጥር ባለሥልጣናቱ ነገሩን አቃለው አለፉት። ድርጊቱን ያስቆመው የጎረቤቱ የህዮጎ ክፍለ ሀገር ፖሊስ ነው፤ በኖቬምበር 1990 ድንገት ደርሶ ሥፍራውን ፈተሸ።

ድርጅቱ ቆመ፤ ቆሻሻው ግን እዚያው ቀረ። በ1993 ነዋሪዎቹ በጠበቃው ኮሄይ ናካቦ መሪነት ለመንግሥት የሽምግልና አካል አቤት አሉ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ ለወራት ባሕር እየተሻገሩ ታካማትሱ በሚገኘው የአስተዳደሩ ደጃፍ ቆመው ውለዋል። ስምምነቱ የተፈረመው በጁን 2000 ሲሆን አገረ ገዥው ደሴቲቱ ድረስ ሄደው በነዋሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ነዋሪዎቹ የገንዘብ ካሳውን ትተው አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፦ ቆሻሻው ከመሬታቸው ይነሳ።

ወዴት ይሂድ? መልሱን የሰጠችው ናኦሺማ ናት። በማቅለጫው ግቢ የተሠራው ምድጃ በ2003 ሥራ ጀመረ፤ የቴሺማ ቆሻሻ በመርከብ እየተጋዘ እዚያ ቀለጠ፤ መዳቡ ተለቀመ፤ ቅሪቱ ለግንባታ ዋለ። በ2017 ሲጠናቀቅ የተነሳው ወደ 910 ሺህ ቶን ደርሶ ነበር። በ2018 ተቀብሮ የቀረ ሌላ ቆሻሻ ተገኘ፤ የከርሰ ምድር ውሃውን የማጽዳት ሥራም ከዚያ በኋላ ቀጥሏል።

እነዚህን ዓመታት ጎን ለጎን ማየት ይገባል። በናኦሺማ ሰሜን ምድጃው የጎረቤትን መርዝ ማቅለጥ በጀመረ በዓመቱ፣ በ2004፣ በዚያችው ደሴት ደቡብ ቺቹ ሙዚየም ተከፈተ። አንዶ ሕንፃውን መሬት ውስጥ የቀበረው የባሕሩን ገጽታ ላለማበላሸት ነው። በውስጡ የክሎድ ሞኔ አምስት የውሃ አበባ ሥዕሎች በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ይታያሉ፤ የጄምስ ተሬልና የዋልተር ደ ማሪያ ሥራዎችም አሉ። ሰሜኑና ደቡቡ በአንድ ደሴት ላይ ናቸው። ጎብኚው ግን የሚያየው አንዱን ብቻ ነው።

ከፌስቲቫሉ ወዲህ

በ2010 የመጀመሪያው የሴቶውቺ የሥነ ጥበብ ፌስቲቫል በፍራም ኪታጋዋ ዳይሬክተርነት ተከፈተ፤ መሪ ቃሉ የባሕሩ ማገገም ነበር። በየሦስት ዓመቱ በጸደይ፣ በበጋና በመጸው ይካሄዳል። በዚያው ዓመት በቴሺማ ርዩኤ ኒሺዛዋ የነደፈው ሙዚየም ተከፈተ። ምሰሶ የሌለው፣ 40 በ60 ሜትር የሆነ ስስ የኮንክሪት ቅርፊት ነው፤ በጣሪያው ሁለት ክፍት ቦታዎች ዝናብና ነፋስ ይገባሉ። ውስጡ የሬይ ናይቶ አንድ ሥራ ብቻ አለ፦ ከወለሉ እየመነጨ የሚንከባለል ውሃ። በዙሪያው ጠፍ ሆኖ የከረመው የሩዝ እርከን በነዋሪዎች ጭምር እንደገና ታርሷል።

በኢኑጂማ ደሴት ደግሞ ከ1909 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ብቻ ሠርቶ የተዘጋ የመዳብ ማቅለጫ ፍርስራሽ በ2008 ሙዚየም ሆነ። አርክቴክቱ ሂሮሺ ሳምቡኢቺ አሮጌውን የጭስ ማውጫ ለሕንፃው አየር ማቀዝቀዣነት ተጠቅሞበታል። ፌስቲቫሉ ኦሺማንም ይጨምራል፤ በዚያች ደሴት የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሕግ ተገልለው ኖረዋል፤ ሕጉ የተሻረው በ1996 ነው።

በ2019 በየደሴቶቹ የተመዘገበው የጎብኚ ቁጥር ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበር። የናኦሺማ ነዋሪ ግን 3 ሺህ ገደማ ነው፤ የቴሺማ ከአንድ ሺህ በታች፤ የኢኑጂማ ጥቂት ዐሥር ሰው። የጎብኚ ብዛት ብቻውን ነዋሪ አያመጣም፤ በፌስቲቫሉ ወቅት ትንንሾቹ መርከቦች ሲጨናነቁ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የሚገበያየው የደሴት ሰው አብሮ ይሰለፋል። የተለየ ውጤት የታየው በኦጊጂማ ደሴት ነው። በዚያ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች መመለስ ፈልገው አስተዳደሩን ወተወቱ፤ ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤት በ2014 ተከፈተ። የፌስቲቫሉ ፋይዳ የሚለካ ከሆነ፣ ከሚሊዮኑ ጎብኚ ይልቅ ይህ ትምህርት ቤት የተሻለ መለኪያ ነው።

ከኡኖ የሚሳፈር ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የናኦሺማ ሙዚየሞች ባብዛኛው ሰኞ፣ የቴሺማዎቹ ማክሰኞ ይዘጋሉ፤ ለቺቹ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው መርከብ ካመለጠ ማደር ግድ ነው። ቴሺማ የሚወርድ ደግሞ ከሙዚየሙ ሌላ በቀድሞው የቆሻሻ ሥፍራ ነዋሪዎቹ ያዘጋጁትን አነስተኛ ኤግዚቢሽን ቀጠሮ ይዞ ቢያይ ይጠቅመዋል፤ የተቀበረው ቆሻሻ ንብርብር እዚያ ተቆርጦ ለእይታ ተቀምጧል። የናኦሺማን ተሞክሮ ለመቅዳት የሚነሱ ከተሞች መጀመሪያ የሚጠሩት ዝነኛ አርክቴክት ነው። ከእነዚህ ደሴቶች የሚወሰደው ትምህርት ግን ከዚያ ይቀድማል። ቴሺማ ላይ ያ ሙዚየም ሊቆም የቻለው፣ ከ1975 እስከ 2000 ድረስ "ይህ መሬት የእኛ ነው" ብለው ሳይታክቱ የተሟገቱ ሰዎች እዚያ ስለነበሩ ነው። እንዲህ ያለ ነዋሪ በሌለበት ቦታ የሚሠራ ሙዚየም፣ ባለሀብቱ ፊቱን ባዞረ ማግስት ሌላ ባዶ ሕንፃ ይሆናል።