እብጠቱ ተዘጋ፤ አእምሮውስ?

አኑሪዝም፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር እብጠት፣ ፈንድቶበት የተረፈ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በእግሩ እየሄደ ቤቱ ይገባል። የራጅ ምስሉም ንጹሕ ነው። ሚስቱ ግን «የድሮው ሰው አይደለም» ትላለች። ሕክምናው ይህን ቃል ከቁም ነገር ለመቁጠር ዘግይቷል።

ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1937 በባልቲሞር የእብጠቱን አንገት በብር ክሊፕ ቆንጥጦ ሲዘጋ፣ ጭንቁ ሕይወት ማትረፍ ነበር። በ1990ዎቹ ኮይል መጣ፤ ራስ ቅል ሳይከፈት እብጠቱ ከውስጥ በቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ይሞላል። በ2002 ውጤቱ የታተመውና 2,143 ታማሚዎችን ያሳተፈው ኢሳት የተባለ ጥናት ሁለቱን አነጻጸረ፦ በዓመቱ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት በኮይል 23.7፣ በክሊፕ 30.6 በመቶ ነበሩ። ያለ ረዳት መልበስና መብላት ግን ማስታወስን አይመሰክርም።

ለማስታወስ አንጎል ደም ይፈልጋል። ጤነኛ አንጎል በየደቂቃው ለ100 ግራም 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። ከ20 በታች ሲወርድ ሕዋሳቱ ሥራ ያቆማሉ፤ ከ10 በታች ይሞታሉ። እብጠቱ በፈነዳ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ደም ሥሮች ስለሚኮማተሩ፣ የተሳካ ቀዶ ሕክምና እንኳ ከዚህ አደጋ አያስጥልም። ሩነ አስሊድ በ1982 ባስተዋወቀው የዶፕለር አልትራሳውንድ በጆሮ ግንድ አጥንት በኩል የደሙ ፍጥነት ይለካል። ታዲያ ፍጥነት መጠን አይደለም፤ የውኃ ጎማ አፉ ሲቆነጠጥ ውኃው ይፈጥናል እንጂ አይበዛም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመድኃኒቶቹ ነገር ነው። ክላዞሴንታን የደም ሥሩን መኮማተር ቀነሰ፤ የታማሚዎቹን ዕጣ ግን አላሻሻለም። ኒሞዲፒን በምስል ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳያሳይ ዕጣቸውን አሻሻለ። ስለዚህ ጠባቡን ቧንቧ ብቻ መውቀስ አያዋጣም፤ የመጀመሪያው የደም መፍሰስ ራሱ ጉዳት አድርሶ ያልፋል።

ቦታውም ይወስናል። በግንባር በኩል ሁለቱን ደም ሥሮች የሚያገናኘው አጭር ድልድይ ላይ እብጠት ሲፈነዳ፣ ከዚያ የሚወጡት የክር ያህል ቀጫጭን ቅርንጫፎች ከተጎዱ ታማሚው ይረሳል፤ ጠባዩ ይለወጣል፤ አንዳንዱም ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ያወራል፣ ሳይዋሽ።

እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመለየት ሞካ የተባለ የ30 ነጥብ የአእምሮ ፈተና አለ፤ አምስት ቃላት አስይዞ ቆይቶ ይጠይቃል፤ 11 ሰዓት ከ10 የሚያሳይ ሰዓት እንዲሣልም ያዛል። (በአገራችን አቆጣጠር ለሚኖር ሰው ትእዛዙ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል።) ደቂቃዎች የሚፈጅ ፈተና ስለሆነ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ክሊፕ ወይም ኮይል የተደረገለት ዘመድ ያላችሁ፣ በቀጠሮው ቀን አብራችሁት ግቡ፤ ቤት ውስጥ ያያችሁትን ለሐኪሙ ንገሩ።