በነቀርሳ ሕክምና ጊዜ የሕመምተኛውን ደም ስለ መከታተል

ነቀርሳ፥ በዛሬው አጠራር ካንሰር የሚባለው ሕመም፥ ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ስለ እብጠቱና ስለ መድኃኒቱ ይጨነቃል። ሕመምተኛው ደከመኝ ሲል ግን «እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ሰው እንዴት አይደክመው?» ተብሎ ይታለፋል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔው ራሴ በአክስቴ ላይ ያደረግሁት ስለ ሆነ ነው።

አክስቴ የጡት ነቀርሳ ታመው በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት በደም ሥራቸው ይሰጣቸው ነበር። ከእያንዳንዱ መድኃኒት አስቀድሞ ደማቸው ይመረመራል፤ እኛም የውጤቱን ወረቀት ለሐኪሙ አሳይተን ወደ መሳቢያ እንከተዋለን። በመሥሪያ ቤቴ አንዲት ደብዳቤ እንኳ ያለ ቍጥርና ያለ ቀን ወደ መዝገብ እንዳትገባ የምጠነቀቅ ሰው ስሆን፥ የአክስቴን ወረቀቶች በቀን ተራ ደርድሬ አንብቤአቸው አላውቅም ነበር። ከአራተኛው መድኃኒት በኋላ ከመኝታ ቤት እስከ እልፍኝ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ዐረፍ ማለት ጀመሩ። ብጠይቃቸው «እርጅና ነው ልጄ፤ አታስብ» አሉኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጧት ከአልጋቸው ሲነሡ ወደቁ። ያን ዕለት ደማቸው ሲለካ 7.6 ሆኖ ተገኘ። ወረቀቶቹን አውጥቼ ብደረድራቸው አስቀድሞ 13.8፥ ቀጥሎ 12.9፥ ከዚያም 11.6፥ ከዚያም 10.1 እያለ ቍጥሩ ሲወርድ ኖሯል።

ይህ ቍጥር የሄሞግሎቢን መጠን ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፥ ብረት ያለበት ነገር ሲሆን፥ ኦክሲጂንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ መላው አካል ያደርሳል። ስሙን ያወጣለት ሆፐ ዛይለር የሚባል የጀርመን ሊቅ በ1864 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ቀይ ሕዋስ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተፈጥሮ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ የነቀርሳው መድኃኒት መቅኔውን ሲያደክመው ዕድሜው አጭር የሆነው ነጭ ሕዋስ በቶሎ ይቀንሳል፤ ቀዩ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰውነትም ከመውረዱ ጋራ እየለመደ ስለሚሄድ ሕመምተኛው ራሱ ነገሩን ሳያውቀው ይቈያል።

የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን የሚቈጥረው ለሴት ከ12፥ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተሠራ ልክ ነው፤ ከ2300 ሜትር በላይ እንደ ሆነችው እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር የሰው ደም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ደግሞም በ2002 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የስሜን ሰዎች ደም በተመረመረ ጊዜ ልኩ በባሕር ጠረፍ ካሉት ሰዎች ያልራቀ መሆኑ ታውቆ ሊቃውንቱን አስደንቋል። ስለዚህ ለአንድ ሕመምተኛ ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ሕክምናው ሳይጀመር የተገኘው የራሱ ቍጥር ነው።

የቍጥሩን መውረድ ካወቁ በኋላ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለምና። ሲስፕላቲንን የመሰለ መድኃኒት ኵላሊትን ይጐዳል፤ ኵላሊትም መቅኔውን ደም ሥራ ብሎ የሚያዝዘውን ኤሪትሮፖየቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ያንሰዋል። ነቀርሳው ራሱ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ነገር እንዲያበዛ ስለሚያደርግ፥ ብረት በጐተራው ተቈልፎበት ለሥራ ሳይወጣ ይቀራል። በአክስቴ ግን ሐኪሞቹ ባለ መብራት ቀጭን ቱቦ በጕሮሯቸው አስገብተው ቢያዩ የጨጓራ ቍስል ተገኘ። ለካ ለጕልበታቸው ሕመም ዲክሎፌናክ የሚባለውን ክኒን ማንንም ሳይጠይቁ ለብዙ ሳምንት ይውጡ ኖሯል። ሰገራቸውም እንደ ቅጥራን መጥቈሩን አይተው አፍረው ዝም ብለዋል። እኛ ሁሉን በነቀርሳው መድኃኒት ስናሳብብ ደማቸው በሌላ በር ይወጣ ነበር።

ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ደም ይተካል ብሎ ጥሬ ጉበትና ቍርጥ ሥጋ ይዞ መጣ። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ነጭ ሕዋሱ ለቀነሰ ሰው ጥሬ ሥጋ አደገኛ ነው፤ በሚገባ የበሰለ ይሁን። ቡናና ሻይም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚከለክሉ ከምግብ ጋራ ባይቀርቡና አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ መልካም ነው፤ ይህ በእኛ ቤት ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረ ትእዛዝ ነበር። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ ሥርዓቱ ስለሚፈቅድ የንስሐ አባታቸው ነገሩን አቀለሉት። ይሁን እንጂ ብረት የተቈለፈበትን ወይም ደም የሚፈስሰውን ሰው ምግብ ብቻውን አያድነውም።

ለአክስቴ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣቸው። ላንድሽታይነር የሚባለው ሊቅ በ1901 ዓ.ም. የደምን ዓይነቶች ለይቶ ካሳወቀ ወዲህ ይህ ሥራ የታመነ ሆኗል። አንድ ከረጢት ቍጥሩን በአንድ ግራም ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ደም የሚሰጡት ቍጥሩ ከ7 ወይም ከ8 ሲያንስ፥ ወይም ልብ የታመመና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ክኒኑ ተከልክሎ፥ ለቍስሉ መድኃኒት ታዝዞ፥ ብረትም በደም ሥራቸው ተሰጥቶ፥ አምስተኛው መድኃኒት ሁለት ሳምንት ዘገየ።

በዚህ መካከል አንድ ዘመዳችን በውጭ አገር ደም የሚያበዛ መርፌ አለና ላስመጣ አለን። መርፌው ያው ኤሪትሮፖየቲን በፋብሪካ ተሠርቶ ነው። በ2003 ዓ.ም. የጀርመኑ ሐኪም ሄንከና ባልንጀሮቹ በራስና በአንገት ነቀርሳ ታመው በጨረር በሚታከሙ 351 ሰዎች መርፌውን በፈተኑ ጊዜ፥ የሄሞግሎቢኑ ቍጥር በእርግጥ ከፍ አለ፤ ነቀርሳው ግን መርፌውን በወሰዱት ላይ ካልወሰዱት ይልቅ በረታ። ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋም ያደርጋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2007 ዓ.ም. ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣበት፤ ለመዳን ተስፋ ተደርጎ መድኃኒት ለሚወስድ የነቀርሳ ሕመምተኛም አይታዘዝም። አክስቴ ይህ በተነገራቸው ጊዜ «እንግዲህ ቍጥሩን ለማስደሰት እኔ ልሙት እንዴ?» ብለው ሳቁ።

አሁን በአልጋቸው አጠገብ አንድ ደብተር አለ። በአንዱ ዐምድ ቀኑ፥ በሁለተኛው ሄሞግሎቢኑ፥ በሦስተኛው የዋጧቸው ክኒኖች ሁሉ፥ በአራተኛው ደግሞ ሳያርፉ የት ድረስ እንደ ሄዱ ይጻፋል። በሽፋኑ ላይ በትልቁ የጻፍሁት ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚያስሮጠውን ምልክት ነው፤ ይኸውም የደረት ሕመም፥ ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ማጠር፥ ራስን መሳት፥ የሰገራ መጥቈር፥ ከ38 ዲግሪ የበለጠ ትኵሳት ነው። የሚዋጥ የብረት ክኒንም ሰገራን ስለሚያጠቍር ነገሩን የሚለየው ሐኪሙ ነው። በመጨረሻው መሥመር 11.2 የሚል አለ፤ በአራተኛው ዐምድ አንጻር አክስቴ በገዛ እጃቸው «እስከ በሩ፥ ተመልሼም» ብለው ጽፈዋል።