ሽንኩርት ድስት ውስጥ ምን ይሠራል?

በዚህ እትም ስለ ሽንኩርት ልናጫውታችሁ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ምን ትምህርት አለው እንዳትሉን! በካምፕ ራሽን ብዙ ጊዜ የሚታደለው እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው። ሽንኩርት የለበትም። ስለዚህ እንገዛዋለን፤ ገንዘብ ከሌለም ከራሽኑ ላይ ቀንሰን ሸጠን እንገዛዋለን። እንዲህ ሆኖ የመጣ ሽንኩርት ያለ አግባብ ሲያልቅ ያናድዳል።

በሞያሌ በኩል የመጣን ሰዎች ስዋሂሊ የጀመርነው ገበያ ላይ ነው። ከተማዋን ድንበሩ ለሁለት ስለሚከፍላት በአማርኛ ሽንኩርት፣ በኦሮምኛ ቁሉቢ፣ በስዋሂሊ ኪቱንጉ ሲባል ትሰማላችሁ። ነጭ ሽንኩርት ስትፈልጉ ኪቱንጉ ሳውሙ በሉ። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ነጩን ከሽንኩርት ወገን ቆጥሮታል፤ የቋንቋ መምህራን ይቺን ብትይዟት አይከፋም።

አሁን ወደ ድስቱ። ከሽንኩርት ክብደት ከ100 እጅ 89 ያህሉ ውሃ ነው። ወጥ ስንሠራ መጀመሪያ ያለ ዘይት የምናቁላላው በዚህ ውሃ ተማምነን ነው። ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ሽንኩርቱም ይበስላል እንጂ አያርም። ውሃው ሲያልቅ ሙቀቱ ይወጣል፣ በውስጡ ያለው ስኳር ይቀላል፣ የምናውቀው ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ያኔ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ መጨመር ነው። በርበሬም ቢሆን ደረቅ ድስት ላይ ከተነሰነሰ ወዲያው ያርራል፣ ይመራል።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ወጣችን የሚወፍረው በዱቄት አይደለም (ሽሮን አትቁጠሩብን)። ሽንኩርቱ ቆይቶ ሲበስል የሴሎቹ ግድግዳ ይለሰልሳል፣ ይፈራርሳል፣ ቁሌቱም ይያያዛል። ማገዶ አነሰ ብለን ስንቸኩል ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ፣ ዘይቱ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ሽንኩርቱ አነሰ እንላለን! ያነሰው ጊዜው ነው።

ታዲያ ማገዶ ከየት ይምጣ? ሽንኩርቱን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉት፤ ደቃቁ ቶሎ ይበስላል። ከመጀመሪያው ትንሽ ጨው አድርጉበትና ክደኑት፤ የራሱ ውሃ ይወጣል፣ እንፋሎቱም ያበስለዋል። ሲለሰልስ ክዳኑን አንሱት። የገበያው ትልልቅ ሽንኩርት ከትንሹ የሐበሻ ሽንኩርት ይልቅ ውሃ ስለሚበዛበት ለመድረቅ ይቆያል፤ እናቶቻችን በለመዱት ሰዓት አትለኩት።

እንባውስ? ቢላው ሴሉን ሲሰነጥቅ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና ዓይን የሚያቃጥል፣ ድኝ ያለበት ጋዝ ይወጣል። ስለታም ቢላ ብዙ ሴል ስለማይጨፈልቅ እንባው ይቀንሳል።

የሳይንስ መምህራን ደግሞ ይህን ሞክሩ። የተከተፈ ሽንኩርት በሁለት ሳህን አድርጉ፣ በአንዱ ላይ ብቻ ጨው ነስንሱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው ያለበት ሳህን ውሃ ያቆራል። ኦስሞሲስን ለማስረዳት ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም። ሽንኩርቱን ግን እንዳትደፉት፣ ለእራት ይሆናል፤ ወጡን ስትጨውቱ ብቻ ቀድሞ የገባውን ጨው አትርሱ።