የአሮጌ ቦይለር ሆድ

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ፣ ሰው የኖረበት ቤት ገዝቶ እድሳት ሲጀምር መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ 80 ሊትር ቦይለር ተሰቅሎ አገኘ። ውጪው ንጹሕ ነው። «ይሠራል እኮ፣ ለምን ይቀየራል?» አለ። የቧንቧ ሠራተኛው ግን «ጋሼ፣ ሆዱን ሳናይማ አንፈርድም» ብሎ ብሬከሩን አጠፋ፣ ውሃውን አፈሰሰ፣ ከሥር ያለውን ክዳን ፈታ። ባልዲው ውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት የተሰባበረ ነጭ ነገር ተዘረገፈ። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ድንጋይ ለብሶ ወጣ። ከጎኑ የነበረው ዘንግ ደግሞ ተበልቶ አልቆ፣ መሐሉ ያለው ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርቷል።

ነጩ ነገር የመጣው ከእግራችን ሥር ነው። ጣናን በደቡብ በኩል የገደበው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከተማዋም የተቀመጠችው እዚያው ላይ ነው። የዝናብ ውሃ አፈሩን ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይሰርጋል፤ ከድንጋዩም ካልሲየም እያሟሟ ወደ ምንጩና ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ሳለ አይታይም። ሲሞቅ ጋዙ ያመልጥና ካልሲየሙ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ቅርፊት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ቅርፊቱ ቆጣሪ ያስሮጣል ይላል። ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው፦ ቅርፊቱ ሙቀቱን ስለሚያፍነው ሬዚስታንሱ ራሱ ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የዘንጉ ነገር ነው። ማግኒዚየም ነው። የታንከሩ ብረት ውስጡ በኢናሜል ቢለበድም ኢናሜል ስንጥቅ አያጣም፤ ውሃ በዚያ ገብቶ ብረቱን ሲያገኝ ዝገት ይጀምራል። ማግኒዚየም ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኑን ቶሎ ስለሚሰጥ እሱ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል። የጣሪያችን ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በየአንድ ሁለት ዓመቱ ታይቶ መቀየር ያለበትን ይህን ርካሽ ዘንግ የሚያስታውሰው የለም። ካለቀ ተራው የብረቱ ነው፤ የወንድሜ ታንከርም ከሥሩ ማላብ ጀምሯል። ሬዚስታንስ ይቀየራል፣ ቴርሞስታት ይቀየራል፤ የበሳ ታንከር ግን ቢበየድ እሳቱ ኢናሜሉን ያበላሸዋል። ስለዚህ ቦይለሩ ወረደ።

አዲሱ ተሰቅሎ ሲሞቅ ሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ አለ። ወንድሜ «ያፈሳል» ብሎ ሊያስደፍነው ነበር። ይህ ፈጽሞ አይደፈንም! 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። ቴርሞስታቱ ከተበላሸ ደግሞ ይብሳል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ታንከር ውስጥ በግፊት የታፈነው ግን ያንን አልፎም ሳይፈላ ይግላል። ታንከሩ በተሰነጠቀበት ቅጽበት ከዚያ ውሃ ከፊሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ነው። ጠብታውን በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ መምራት ይበቃል።

ያንን 80 ሊትር ለማሞቅ 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል መብራት ይጠፋል። ጣሪያውን አብሮ የሚያድስ ሰው ሶላር ማሞቂያ ቢያስብበት ጥሩ ነው፤ የባሕር ዳር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከዚያ በላይ ኃይል ታፈስሳለች። በክረምት ደመና ግን የመብራት ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሙቁ ቧንቧ በደንብ እስኪፈስ ድረስ ቦይለሩን አታብሩት። ባዶ ታንከር ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል።

የመጨረሻውና ትልቁ የሽቦው ጉዳይ ነው። ባለ 2,000 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይገባዋል። የሬዚስታንሱ ሽፋን ከተሰነጠቀ ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሰውን የሚያድነው ግራውንድ ነው። በወንድሜ ቤት የግራውንዱ ሽቦ ሶኬቱ ድረስ መጥቶ፣ በሌላ ጫፉ ከምንም ጋር አልተገናኘም ነበር። ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ፣ ግራውንዱን በኤሌክትሪሺያን ሳታስለኩ ልጆቻችሁን ሻወር ቤት አታስገቡ።