የጌዴኦን ታሪክ በየትኛው ስም እንፈልግ?



ስለ ጌዴኦ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች «በኢንተርኔት ላይ ምንም የለም» ሲሉ ደጋግሜ እሰማለሁ። በእኔ ግምት ችግሩ የሰነድ እጦት ብቻ ሳይሆን የምንፈልግበት ስምም ነው። በዘውዱ ዘመን ይህ አካባቢ በመንግሥት መዝገብ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን ጌዴኦ ብሎ ቢጠራም የውጭ አገር ሰዎች ጽሑፎችም ይህንኑ ስም ተከትለዋል። ስሙን መልሰን እንድንጠቀምበት አልመክርም፤ ለፍለጋ ግን ግድ ይላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም በአንድ «ኤስ»ም በድርብ «ኤስ»ም መሞከር ነው።

በዚህ መንገድ ከምንደርስባቸው ስብስቦች አንዱ በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ኢንስቲትዩት የሥዕል መዝገብ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1934 እና 1935 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የጥናት ጉዞ አድርጓል፤ በድረ ገጹ ያኖራቸውን የጉዞዎቹን ፎቶግራፎች ያለ ክፍያ መመልከት ይቻላል። መመልከት ማለት ግን ማተም ማለት አይደለም። የጉዞው መሪ አዶልፍ የንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 አርፏል፤ በጀርመን ሕግ የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚጸና መጻሕፍቱ እስከ 2035 ማብቂያ የተጠበቁ ናቸው።

የስሙ ነገር በሐይቃችንም ላይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1897 የተጓዘው የጣሊያናዊው የቦቴጎ ቡድን አባያን በንግሥታቸው ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ከቡድኑ የተረፉት ቫኑቴሊና ቺተርኒ በ1899 ያሳተሙትን የጉዞ መጽሐፍ «አባያ» በሚለው ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ያጣዋል። ኢንተርኔት አርካይቭን በመሰሉ ቤተ መዛግብት ውስጥ ደግሞ የገጹን ምስል ወደ ፊደል የሚለውጠው ኮምፒውተር ስለሆነ የእኛን የቦታ ስሞች ክፉኛ ያበላሻል። ስለዚህ ፍለጋው ባዶ ሲመለስ ገጾቹን በዓይን ማገላበጥ ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ አቋራጭ ግን አላገኘሁለትም። ጸሐፊዎቹ በጦር መሣሪያ ታጅበው ያለፉ መኮንኖች እንደነበሩም እያስታወስን እናንብብ፤ ያዩት የመንገዳቸውን ዳር ነው።

ደራሲ የሌለው ምንጭም አለ። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተነሡ ሲሆኑ ከ2008 ወዲህ በነጻ ይገኛሉ። የእንሰትና የቡና ጥምር እርሻችን የት እንደሳሳ ለማጥናት የሚመች ነገር ነው፤ ደመና ስለሚያስቸግር ግን የበጋውን ወራት ምረጡ።

የ1952ቱን የሚቺሌ የገበሬዎች አመፅ የምታጠኑ ተማሪዎች ደግሞ በውጭ ጽሑፎች 1960 ብላችሁ ፈልጉ። በዚያ የምታገኙት ግን በአብዛኛው የተመራማሪዎች ትንታኔ ነው። ዘመኑን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፤ በፈቃዳቸው ድምፃቸውን ስትቀርጹ ቋንቋቸውን ሳትለውጡ በጌዴኡፋ ይሁን፤ ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች መዝግቡ።