ማንበቡን አነበበ፤ ገባው ወይ?

«ሌሊቱን በደንገጎ ተራሮች ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ደቻቱ ሞልቶ ወረደ። ጠዋት ከመጋላ ወደ ከዚራ መሻገር ስላልተቻለ ተማሪዎቹ እቤታቸው ዋሉ።»

ይህችን ስለ ድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ የምትናገር አጭር ምንባብ ፊደል የለየ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሳይደናቀፍ ይወጣታል። እናቱ ደስ ይላታል፤ መምህሩም «ጎበዝ!» ይለዋል። ቀጥሎ «ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ እንዴት ሞላ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ጠፍቶት ወደ ጽሑፉ የሚመለስና «ደቻቱ ሞልቶ ወረደ» የሚለውን ደግሞ የሚያነብ ልጅ ጥቂት አይደለም። ቃላቱን ሁሉ ያውቃቸዋል። ዝናቡን ከጎርፉ፣ ጎርፉን ከቀረው ትምህርት ጋር ግን አላያያዘም።

በየቤቱም በየትምህርት ቤቱም ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ «ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን ይጨርስ፣ ንባቡን ያቅና፤ መረዳቱ በኋላ ራሱ ይመጣል» የሚል። ስለ ልጆች ንባብ ከሚነገሩት የተሳሳቱ አባባሎች ውስጥ የዚህን ያህል የሚጎዳ የለም። ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ የሚከፋውም ለዚሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጮክ ብሎ ያነበበ ልጅ ይመሰገናል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከፍ ሲል የሳይንሱም የኅብረተሰቡም ትምህርት በ«ለምን» ይሞላል፤ አፈር ለምን ይሸረሸራል? ከዝናብ በኋላ ወባ ለምን ይበዛል? ያኔ ልጁ ምንባቡን በቃሉ ሸምድዶ ለማለፍ ይሞክራል፤ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥበት ይወድቃል። ቤተሰቡም «ሰነፈ» ይለዋል። ልጁ አልሰነፈም፤ ያልተማረውን ነው የተጠየቀው።

ነገሩ ከክፍል ውጭም ይዘልቃል። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ከምትራባባቸው ቦታዎች አንዱ በየግቢው ክዳን በሌለው በርሜል የተጠራቀመ ውኃ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ጽሑፍ የሚያነበው ልጁ ነው። «በርሜላችሁን ክደኑ» የሚለውን ማሳሰቢያ ለእናቱ አንብቦላት «ለምን?» ስትለው ውኃውን ከትንኟ፣ ትንኟን ከትኩሳቱ ማያያዝ ካልቻለ፣ ፊደል ማወቁ ለዚያ ቤት ምን ጠቀመ? ምክንያቱ ያልተገለጸላት እናት ነገ በርሜሉን ክፍት ብትተወው አይፈረድባትም።

እምነቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ዝርያቸው 231 ይሆናሉ፤ ይህን ያልለየ ልጅ ስለ ምንባቡ ሊያስብ አይችልም፤ አእምሮው ገና ከፊደል ጋር እየታገለ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተለያዩ የኢትዮጵያ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ስለዚህ «ፊደል ይቅደም» የሚሉ ሰዎች ስለ እውነተኛ ችግር ነው የሚናገሩት። ነገር ግን በዚያው ምዘና ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም መመለስ ያቃታቸው ልጆች ቁጥር ቃል ማንበብ ካቃታቸው ይበልጥ ነበር። በመካከል ያሉት ልጆች ቃል አንብበዋል፤ ታሪኩ ግን አልገባቸውም። መረዳት ራሱ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች ባልኖሩ ነበር።

እምነቱን የሚያራግቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የአባቶችን ትምህርት ይጠቅሳሉ። «የቆሎ ተማሪ ዳዊት የሚደግመው ግእዙ ገብቶት ነው?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ይቀድማል። ታዲያ መረዳቱ ራሱ መጣ? አልመጣም። ለትርጓሜ ራሱን የቻለ ጉባኤ ተቋቁሞለት፣ መምህር ወንበር ዘርግቶለት፣ ተማሪው ዓመታት ያሳልፍበታል። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ ይዞ «ይህን ለምን አለ?» እያለ ይመረምራል፤ አንድ መልስ ሰጥቶ አያበቃም፣ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። በድሬዳዋና በሐረር የቁርኣን ትምህርት ቤቶችም ልጁ በሉህ፣ በእንጨት ሰሌዳው፣ ላይ ንባቡን ይማራል፤ ተፍሲር፣ የቁርኣኑ ትርጓሜ፣ ግን ሌላ ትምህርት ነው፣ ሌላ ብስለትና ሌላ ዓመታት ይጠይቃል። ሁለቱም ወጎች የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ማንበብና መረዳት ይለያያሉ፣ ሁለቱም መምህር ይፈልጋሉ። የአባቶችን ስም ለስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ይብቃ። «በጥቂት ወራት ንባብ እናስጨርሳለን» እያሉ ከወላጅ ክፍያ የሚሰበስቡትም ልጁ ከጨረሰው ንባብ ምን እንደተረዳ ቢጠየቁ መልስ ሊኖራቸው ይገባል።

ምክንያትንና ውጤትን ማያያዝ ለንባብ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ቶም ትራባሶና ፖል ቫን ደን ብሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢዎች ከአንድ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚያስታውሱት ከሌሎች ድርጊቶች ጋር በምክንያት የተሳሰረውን ድርጊት እንደሆነ አሳይተዋል። ብቻውን የቆመው ይረሳል። ትስስሩን ለመፈተን የተጠቀሙበት ዘዴ ደግሞ የትኛውም መምህር ያለ ተጨማሪ መጽሐፍ ሊሠራበት የሚችል ነው፤ «ያኛው ባይሆን ኖሮ ይህኛው ይሆን ነበር?» ብሎ መጠየቅ።

ይህን ጥያቄ በድሬዳዋ ልጆች ላይ ለመሞከር የራሳቸው ከተማ ታሪክ ይበቃል። የባቡር ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆነና ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ጣቢያው ሠራተኛ ሳበ፣ ሠራተኛው ነጋዴ ሳበ፣ ቦታውም «አዲስ ሐረር» እየተባለ ከተማ ሆነ። «ተራራው ባይኖር ኖሮ ባቡሩ የት ይገባ ነበር? ባቡሩ ሐረር ቢገባስ የከዚራ ሰፈር ትቆረቆር ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ከተራራው ተነስቶ እስከ ራሱ ሰፈር ይደርሳል። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ የሸመደደ ልጅ ግን ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል።

ማስተማሩ ደግሞ ውጤት እንዳለው ማስረጃ አለ። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ተመራማሪ ጆአና ዊሊያምስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ምክንያትና ውጤትን በኅብረተሰብ ትምህርት ምንባቦች ውስጥ እየለዩ የተማሩ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አዲስ ምንባብ ሲሰጣቸው፣ ይዘቱን ብቻ ከተማሩት በተሻለ ተረድተዋል። የይዘት እውቀታቸውም አልቀነሰም። ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ይመደብለት ወይስ በየትምህርቱ ውስጥ ይግባ በሚለው ላይ ክርክሩ አልተቋጨም። እንደ ድሬዳዋ ክፍል ተማሪ ለበዛበት፣ ጊዜም ላጠረው ቦታ ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም።

ሌሎቹ እምነቶች ይህን ያህል ቦታ አይሹም።

«ሕፃን ልጅ ምክንያት አይገባውም» ይባላል። የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቋቸው «ዛፎቹ ሲወዛወዙ» ያሉ ልጆችን መዝግበዋል፤ ከዚያም ብዙዎች ትንንሽ ልጆች ምክንያት አያውቁም ወደሚል መደምደሚያ ሄዱ። አሊሰን ጎፕኒክና ዴቪድ ሶቤል ግን በ2000 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ቁርጥራጭ ሲቀመጥበት ብቻ የሚበራና የሚዘፍን ሣጥን ለልጆች አቀረቡ፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ሣጥኑን የሚያስነሳው የትኛው እንደሆነ ለይተው፣ ያንን እውቀት ተጠቅመው አዲስ ነገር መደቡ። ችሎታው አለ፤ ወደ ገጹ ማምጣት ነው የቀረው።

«‹ምክንያቱም› እና ‹ስለዚህ› የሚሉትን ቃላት አስምርበት፣ በቃ» የሚሉም አሉ። ቃላቱን ማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ከላይ ያለውን የደቻቱን ምንባብ ይመልከቱ፤ ሁለቱም ቃላት የሉበትም። ዝናቡና ጎርፉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ የሚያገናኛቸው አንባቢው ራሱ ነው።

«ቀድሞ የመጣው ምክንያት ነው» የሚለውም መታረም አለበት። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ዶሮው አላነጋውም። «ዶሮው ባይጮኽስ?» የሚለው ጥያቄ ነገሩን ወዲያው ይለየዋል።

«ለአንድ ውጤት አንድ ምክንያት» የሚለው ደግሞ ለድሬዳዋ ሰው በተለይ የማይዋጥ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ተዳፋቱ ደን አልቆበት ተራቁቷል፤ ብዙ ቤት ወንዙ ዳር ተሠርቷል፤ ሰዓቱም ሰው የተኛበት ነበር። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ እንዲያከብብ የሚታዘዝ ተማሪ የተሳሳተ ነገር እየተማረ ነው።

በመጨረሻ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ልጄን ምን ልረዳው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሊረዱት ይችላሉ። በድሬዳዋ ልጆች ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይማራሉ፤ ቤት ውስጥ የሚነገረውና ክፍል ውስጥ የሚነበበው ቋንቋ የሚለያይባቸው ልጆችም አሉ። እናት ወይም አያት ማታ ተረት ስትነግር «ጅቡ ለምን ተታለለ? አህያዋ ዝም ብትል ኖሮስ?» ብላ በራሷ ቋንቋ ብትጠይቅ ያው ትምህርት ነው። መምህራንም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች፣ ልጁ ያነበበውን አማርኛ በሶማልኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቢያብራራ መልሱን ይቀበሉት፤ የሚመዘነው ምክንያቱን ማግኘቱ ነው፣ የአማርኛውን ቃል ቀስ ብሎ ይጨምራል።